ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?

ሸዋሮቢት ላይ ከቀትር በኋላ ክርክር የሚያነሣ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ሥራ ፈት። ሙቀቱ አፍ ያስይዛል። እኔ ሁለተኛው ነኝ መሰለኝ። ባለፈው ሰሞን አማርኛ ካስተማሩኝና አሁን ጡረታ ከወጡት መምህሬ ጋር አስፋልቱ ዳር ካለች ቡና ቤት ተቀምጠን፣ ስልኬን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ አንድ ሙዚቃ ከፈትኩላቸው። አኮርዲዮን ነው። ከሥሩ ኦርጋን አለ፤ ከኦርጋኑ ሥር ደግሞ የማይደክም፣ የማይቸኩል የድራም ማሽን። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለት ደቂቃ ያህል አዳመጡ። ትከሻቸውም ትንሽ ሰበቅ አለ። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ጥሩ ነው፤ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» አሉኝ።

ዘፋኝ የለውም አልኳቸው።

«እንግዲያው ማጀቢያ ነው በለኛ! ደግሞ በኦርጋን። የእኛን ሙዚቃ የገደለው እኮ ይኸው ኦርጋን ነው።»

ጋሼን አከብራቸዋለሁ። ሰምና ወርቅ ለይቼ እንድሰማ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። ይህች ፍርድ ግን የእሳቸው ብቻ ብትሆን ኖሮ ቡናዬን ጠጥቼ ዝም እል ነበር። በየሬዲዮው የሙዚቃ ፕሮግራም፣ በየአንጋፋ ድምፃዊው ቃለ መጠይቅ፣ በዚያ ዘመን ባልተወለዱ ወጣቶች አፍ ሳይቀር የምትደጋገም ናት። እንዲህ ትላለች፦ ወርቃማ ዘመን ነበረ። የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ልጆች፣ የትንፋሽ መሣሪያው፣ የሌሊት ክበቡ፣ ሸክላው። ከዚያ ኦርጋን መጣ። ስምንት ሰው የሚሠራውን አንድ ሰው በሁለት እጁ ይሠራው ጀመር፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ፕላስቲክ ነው።

እኔ ደግሞ እላለሁ፦ የኦርጋንና የድራም ማሽን ዘመን እስካሁን በቅጡ ያልሰማነውን ታላቅ ሥራ ሰጥቶናል። ሠሪው ከዚህ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ፣ በደብረ ሲና ሽቅብ ወጥታችሁ፣ የቆሎ ሻጮቹን አልፋችሁ፣ የጣርማበርን ጉምና ዋሻውን ስትሻገሩ በምትደርሱባት በደብረ ብርሃን በ1946 (የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) የተወለደው ኃይሉ መርጊያ ነው።

ስሙን የሚያውቀው ሰው «አዎ፣ የዋልያሱ» ይለኛል። ክርክሬ የሚጀምረውም እዚያው ላይ ነው። ዋልያስ ባንድን ማንም አያናንቅም፤ እኔም አላናንቅም። በአሥር ዓመቱ አዲስ አበባ የገባ፣ በአሥራ አራት ዓመቱ አኮርዲዮንን ራሱን በራሱ ያስተማረ ልጅ፣ አድጎ በሂልተን ሆቴል ሲጫወት ከነበረው ከዚያ ባንድ ጋር በ1977 «ቼ በለው»ን አወጣ፤ ድምፃዊ የሌለው ሙሉ አልበም ነው። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ዛሬ በየአገሩ ያሉ ባንዶች ይጫወቱታል። በ1978 ደግሞ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠራ። ይህን ሁሉ ወርቃማውን ዘመን የሚያመልኩት ሰዎች ያጨበጭቡለታል። ጭብጨባው የሚቆመው 1985 ላይ ሲደርሱ ነው። እኔ ደግሞ ከመቀመጫዬ የምነሣው ያኔ ነው።

ዋልያሶች በ1981 አሜሪካ ለሥራ ሄዱ፤ ጉዞው ሲያበቃ ከባንዱ ገሚሱ ተመለሰ፣ ገሚሱ ቀረ። ኃይሉ ከቀሩት ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ተማረ። በ1985 ስቱዲዮ ገብቶ ብቻውን ተቀመጠ፤ ሳክስፎን የሚነፋለት፣ ከበሮ የሚመታለት፣ ቤዝ የሚይዝለት ሰው የለም። አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩን በየተራ እያነባበረ፣ ምቱን ለማሽን ሰጥቶ አንድ ካሴት ሠራ። በአማርኛ «ሸሞንሟናዬ» ይባላል።

እስቲ ያን ዓመት አስቡት። 1985 በእኛ ሰባ ሰባትን የሚነካ ነው፤ ይፋት ውስጥ «ሰባ ሰባት» ሲባል ማብራሪያ የሚጠይቅ የለም። ከቡና ቤቷ ፊት የሚያልፈው አስፋልት ወደ ሰሜን ሲቀጥል ኮረም ይደርሳል፤ የቢቢሲው ማይክል በርክ በጥቅምት 1984 ዓለምን ያስለቀሰውን የረሃብ ዘገባ የሠራው ከዚያ ነው። ከዚያ ታላላቆቹ የእንግሊዝና የአሜሪካ ድምፃውያን ስለ እኛ ዘፈኑ። ሐምሌ 13 ቀን 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ ስታዲየሞች ስለ ኢትዮጵያ የተዘፈነውን ዓለም በቴሌቪዥን ተመለከተ። ከፊላደልፊያ ወደ ደቡብ ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያው ዓመት፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ስለ ምንም ሳያለቅስ፣ ስለ ማንም ሳይለምን፣ አምባሰልን በማሽን ምት እየሰደረ ነበር። ስለ ኢትዮጵያ የተዘፈነው ተሰማ፤ ከኢትዮጵያዊው ጣት የወጣው አልተሰማም። ያኔ አለመሰማቱ አይገርመኝም። የሚገርመኝ እኛ ዛሬም «የኦርጋን ዘመን ነው» ብለን ማለፋችን ነው።

አሁን ወደ ሙዚቃው። አኮርዲዮን ወናፍ ያለው መሣሪያ ነው፤ ይተነፍሳል። አየሩ ሲያልቅ ሐረጉም ያልቃል፤ ተጫዋቹ እንደ ድምፃዊ የት እንደሚተነፍስ ማሰብ አለበት። ይህ መሣሪያ በእኛ ሙዚቃ በአንድ ወቅት በሰፊው ይሠራበት ነበር፤ ኋላ ኦርጋን ቦታውን ወሰደበት። ኃይሉ ያደረገውን ተመልከቱ፦ አባራሪውንና ተባራሪውን አንድ ክፍል ውስጥ አስገብቶ አስታረቃቸው። ከታች ማሽኑ አለ፤ ስሜት የለውም፣ አይሞቀውም አይበርደውም። ከላይ አኮርዲዮኑ ይቃትታል፣ ይዘገያል፣ ቀድሞ ይገባል፣ ድምፁን ያንቀጠቅጣል። ማሽኑ ሰው ቢሆን ኖሮ ይከተለው ነበር፤ ጎበዝ ከበሮ መቺ ድምፃዊው ሲዘገይ አብሮ ይዘገያላ። ማሽኑ ግን ንቅንቅ አይልም። አንጀት የሚበላው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሰው የማይሰማውን ነገር እያናገረ መሆኑን ትሰማላችሁ። ስምንት ሰው ያለበት ባንድ ይህን ብቸኝነት ሊሠራው አይችልም። ብዛቱ ራሱ ይከለክለዋል።

ስለዚህ «ማሽን የገባው ገንዘብ ስለቸገረ ነው» ለሚሉኝ፦ ይቸግር፤ ምን አለበት? ክራር አምስትና ስድስት ጅማት ብቻ ያለው ሀብት ስለበዛ ነው እንዴ? ማሲንቆ በአንዲት ጭራ ዕድሜ ልኩን ሲያስለቅሰን «ምነው ሌላ ጭራ ቢጨመርበት» ያለ ሰው አላውቅም።

ከፍርዱ ውስጥ እውነት የሆነውን ልስጥ። ኦርጋን ብዙ ሰው ከሥራ አስወጥቷል። በሠርግ አዳራሽ አንድ ልጅ ከነኪቦርዱ ቆሞ ሁሉንም ዘፈን በአንድ ምት ሲፈጨው ሰምቻለሁ፤ ሙሽራዋን እስካዝንላት ድረስ። በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ የወጡ ብዙ ካሴቶች ለአንድ ሳምንት ጆሮ የተሠሩ ናቸው። ይህን አልክድም። የወርቃማው ዘመን ሸክላም ቢሆን ግን ተመርጦ ነው እዚህ የደረሰው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በሚለው ስብስቡ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መርጦ ጥሩ ጥሩውን ሲያሰማን፣ እኛ ዘመኑ ሁሉ እንዲያ የነበረ መሰለን። ባለውለታችን ነው። ይሁንና እሱ ለሥራው ያሰመረውን የዘመን አጥር እኛ የመቃብር አጥር አደረግነው፤ ከዚህ ወዲያ ሕይወት የለም ብለን።

ደግሞስ ያን ዘመን የገደለው ማን ነው? ለዓመታት የቆየው ሰዓት እላፊ አዲስ አበባን በሌሊት ዘጋት። ሂልተን የመጣ ሰው መውጣት ስለማይችል እስኪነጋ ድረስ ተዘግቶበት የሚጨፍርበት ጊዜ ነበር፤ ዋልያሶች ያን ሌሊት ሁሉ ይጫወቱ ነበር። ሸክላ መታተሙ ቆመ፣ ካሴት ተተካ። የቻለ ተሰደደ፤ የቀረው በቀበሌና በጦር ሠራዊት ኪነት ሥር ተሰለፈ። በዚህ ሁሉ መሐል ቤት ውስጥ የቀረው ዕቃ ኦርጋን ነበር። ገዳዩ ሄዶ ቀባሪው ተያዘ ማለት ይህ ነው። አበው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ደግሞ ይኸኛውን ነው፤ ያን ጊዜ ሰዓት እላፊውን መናገር ያስፈራ ነበር፣ ኦርጋንን መስደብ ግን የሚያስፈራ አልነበረም። ፍርሃቱ ካለፈ ስንት ዘመኑ፣ ስድቡ ግን ቀረ።

አንድ ሌላ ቃል አለች፤ «የጠራ»። የጠራ ባህል፣ የጠራ ቅኝት፣ ያልተበረዘ። ኃይሉ ፈንክና ጃዝን ከአገር ዜማ ጋር ስለቀላቀለ በረዘው የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ የይፋት ልጅነቴ ይቆጣል። የወላስማዎቹ ይፋት በመካከለኛው ዘመን ከዘይላ የሚመጣው ነጋዴ መተላለፊያ ነበር፤ ዛሬም ሰንበቴ ገበያ እሑድ ብትወርዱ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው፣ አፋሩ በአንድ አቧራ ውስጥ ሲገበያይ ታያላችሁ። አንዱ በሌላው ቋንቋ ዋጋ ይጠራል። እዚህ የጠራ ነገር የሚባለው ውሃ ብቻ ነው፤ እሱም በክረምት አይጠራም፣ የሮቢን ወንዝ ያየ ያውቀዋል። የቅኝቶቻችንን ስም ደግሞ እዩት። ከአራቱ ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ የቦታ ስም ናቸው። ባቲ ምንድን ናት? ከደጋ የወረደና ከአፋር በረሃ የመጣ ሰው ሰኞ ሰኞ የሚገናኝባት ገበያ ናት። ያልተበረዘ ብለን የምንምልበትን ቅኝት በገበያ ስም ጠርተን፣ ሰውየውን ለምን ገበያ ወጣህ እንለዋለን።

ወደ ጋሼ ጥያቄ ልመለስ፤ ከባዱ እሱ ነውና። «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» በእኛ ዘንድ ዘፈን ማለት ግጥም ነው። ሙዚቃው ግጥሙን የሚሸከም አጋሰስ ነው። አድናቂ ሲያደንቅ ድምፃዊውን፣ ጠለቅ ካለ ገጣሚውን፣ በጣም ከጠለቀ የዜማ ደራሲውን ይጠራል፤ አቀናባሪው ጋ የሚደርስ ጥቂት ነው፣ ተጫዋቹ ጋ የሚደርስ የለም። ቃል የሌለውን ሙዚቃ ሁሉ «ክላሲካል» ብለን አንድ ከረጢት ውስጥ እንከታለን፤ ቤትሆቨንም ክላሲካል፣ ኃይሉም ክላሲካል። የ1985ቱ ካሴት በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ ይህችው ቃል አለች፤ ፈረንጆቹ የሞዛርት ዓይነት ጠብቀው ግር ብሏቸው ይሆናል፣ ለእኛ ግን ግልጽ ነው። ዘፋኝ የለውም ማለት ነው። ክላሲካል ደግሞ ሥራው ምንድን ነው? ዜና እስኪጀምር መሙያ፣ ሐዘን ሲታወጅ ማስተዛዘኛ፣ መስመር ላይ ስትጠብቁ ማቆያ። የተጫዋቹን ስም የሚናገር ጋዜጠኛ ብርቅ ነው።

እኔ ራሴ የዚህ በደል ተካፋይ ነኝ። ልጅ ሆኜ አጎቴ ቤት አንድ ካሴት ነበረ፤ ሽፋን የለውም፣ ጀርባው ላይ አጎቴ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ክላሲካል» ብሎ ጽፎበታል። ማሾ ሲለቀም፣ ሽንኩርት ሲጫን፣ ከሰዓት ሁሉም ጥላ ሲፈልግ እሱ ይከፈት ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ «ሸሞንሟናዬ»ን በስልኬ ስከፍት የመጀመሪያዎቹን ድምፆች ጣቴ ቀድሞ መታቸው። ለካስ ስሙን ሳልጠይቅ ያደግኩበት ሰው ነው።

ደግሞ ቃል የሌለው ነገር ባዕድ ነው ያለው ማነው? ዋሽንት መቼ ቃል ነበረው? እረኛው ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ሲነፋ ማንም «ግጥሙስ?» አይለውም። ከዚያ ካሴት ውስጥ «ሽለላ» የሚል ሥራ አለ። ሽለላ ቃል ነው፣ ፉከራ ነው፣ የአባት ስም ነው ትሉኝ ይሆናል። አዝማሪው አፉን ከመክፈቱ በፊት ግን ማሲንቆው ገና ሲገዘግዝ የስንቱ ፀጉር እንደሚቆም፣ የስንቱ ዱላ እንደሚነሣ ሠርግ የበላ ሁሉ ያውቃል። ኃይሉ ያችን ከቃል በፊት ያለች ቅጽበት ይዞ አረዘማት። ጋሼ ቅኔ ሲያስተምሩኝ ወርቁ ካልተነገረው ውስጥ ነው ይሉ ነበር። ታዲያ ሰሙ ጭራሽ የሌለበት ወርቅ ለምን ይቆረቁራቸዋል?

የታክሲውን ወሬ ሳላነሣ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ስለ ኃይሉ የሚወራው ሁሉ ከእሱ ስለሚጀምር ላልፈው አልችልም። ወሬው እንዲህ ነው፦ ታላቁ ሙዚቀኛ ተረሳ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነጂ ሆነ፣ ከዚያ አንድ ፈረንጅ አገኘውና አዳነው። አሳዛኝ፣ ጣፋጭ፣ ለጋዜጣ ርዕስ የተመቸ። ነገሩ ሲፈተሽ ግን የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ታክሲ መንዳት ውድቀት አይደለም፤ በዋሽንግተን ስንት ቤተሰብ ያሳደገ፣ እዚህ ስንት ጣራ ቆርቆሮ ያለበሰ ሥራ ነው። ኃይሉ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራውን ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። መድረክ ላይ ለዓመታት አልወጣም፣ ሙዚቃውን ግን አልተወም። «ተገኘ» የምትለዋ ቃል ደግሞ የባሰች ናት። አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ያን ካሴት ያገኘው ባሕር ዳር ነው። ገዝቶ ወሰደው፣ ኃይሉን አፈላልጎ ደወለለት፣ በ2013 እንደገና አሳተመው፤ እጁ ይባረክ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ከተሠራ ሃያ ስምንት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ካሴት አሁንም ገበያችን ላይ ነበር። ከገበያ የተገዛ ዕቃ ተገዛ እንጂ ተገኘ አይባልም። የጠፋው ካሴቱ አልነበረም፤ ጆሯችን ነው። ያ ዘመን ቆሻሻ ነው ብለን ስለወሰንን ከቆሻሻው መሐል ምን እንዳለ ለማየት አልጎነበስንም፤ ያልፈረደበት እንግዳ ግን ጎነበሰ። በዚያው በ2013 የናይጄሪያው ዊልያም ኦንየአቦር ሥራዎችም እንደገና ታተሙ፤ እሱም በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ከሲንተሳይዘሮቹ ጋር ብቻውን ተቀምጦ የሠራ ሰው ነው። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ የአፍሪካዊ ሙዚቃ ላብና ቆዳ እንዲሸት የሚፈልግ፣ ማሽን ሲነካ የሚያኮርፍ አድማጭ በየቦታው አለ።

ሙላቱ አስታጥቄንስ ብትሉኝ፣ ክብር ይግባቸው። ቃል የሌለው ሙዚቃ ያልነው እንደሆነ ትዝ የሚለን አንድ ስም የእሳቸው ነው፤ የጂም ጃርሙሽ ፊልም ከ2005 ጀምሮ ሥራቸውን ለዓለም አዳርሶላቸዋል። ሙላቱ ያስረዳሉ፣ ያስተምራሉ፣ ለሥራቸው ስም ሰጥተዋል፦ ኢትዮ ጃዝ። ኃይሉ ስም አልሰጠውም። እኛ ደግሞ ስም ያልወጣለትን ልጅ አንጠራም።

ኋላ ኃይሉ ተመልሶ መጣ። በ2018 «ላላ በሉ»ን ከቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ማይኮቭስኪና ከከበሮ መቺው ቶኒ ባክ ጋር አወጣ። የፈረንጅ ተቺዎች ተደሰቱ፤ እኔ እውነቱን ለመናገር ከበሮው አንዳንዴ አኮርዲዮኑ ላይ ይደርብብኛል፣ ያ ደደብ ማሽን ይናፍቀኛል። ግን በመጨረሻ «የፍቅር እንጉርጉሮ» ይመጣል፣ ፒያኖ ብቻውን፣ ሌላ ሰው የለም፤ ሁሉንም ይቅር እላለሁ። በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ»። እዚያ ላይ የአስናቀች ወርቁ ዜማ አለ፣ የቴዲ አፍሮ «ሸመንደፈር»ም አለ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ከእሱ ዘመን ወዲህ የመጣ የለም ብሎ ሳያለቅስ፣ የልጁን ዘመን ዘፈን አንሥቶ በራሱ ጣት እንዳለፈበት ለወርቃማው ዘመን ለሚያለቅሱት ባሳስባቸው ደስ ይለኛል።

ያን ቀን ለጋሼ በመጨረሻ የከፈትኩላቸው ይህንኑ «ሸመንደፈር»ን ነበር። ዜማው ገባ። ጋሼ ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ በስኒው ጠርዝ ላይ በጣታቸው እየመቱ ወደ አስፋልቱ ያያሉ። የደሴ አውቶቡስ አለፈ፣ ባጃጆች ተንጫጩ። ቡና የምታፈላው ልጅ ከሰሉን እያራገበች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ግጥሙን ከአኮርዲዮኑ ላይ ለስለስ አድርጋ መዝፈን ጀመረች። በትክክለኛው ቦታ ገባች፤ ያ ቦታ ለሷ ክፍት ተትቶላት ይመስል።

«ይኸው» አሉ ጋሼ፣ «ዘፋኙ ገባ»።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ የኔን ክርክር ነው የሚደግፈው።»

«የኔን ነው።»

አላመኑኝም። የቡናውን ግን እሳቸው ከፈሉ።